ድብ አላውቅም

ሐምሌ ነው ሱሉልታ፤ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ
ባሕር ዛፉን ውጦት፣ ሜዳውን ጋርዶ።
ከውሃ ፋብሪካው ጀርባ፣ በቆርቆሮው አጥሬ
የመርጊያ ልጅ መጣ፣ መኪናው እስከ በሬ፤
በፊት የኛ ማሳ፣ ዛሬ በካሬ የሚሸጥ፣
አባቱ የሸጠው፣ እሱም የሚለውጥ።
ጫማው ጭቃ ነክቶ፣ ደፉን ተሻግሮ ገብቶ፣
ስልኩን እንደ ጧፍ በሁለት እጁ አብርቶ

«ጋሼ፣ ድብ ልገድል ነው» አለኝ ሳይቀመጥ፤
«ሸሪኮቼ ጋበዙኝ፣ በረዶ ላይ ልሮጥ።
አንተ ጠመንጃ ያዥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
የትኛው ይሻላል? አንተን ጠይቅ አሉ።»

ድብ?
እኔ ድብ አላውቅም።
ባላየሁት አውሬ ምስክር አልቆምም።
የማውቀው ጎሽ ነው፤ የኦሞ ዳር ጎሽ፣
ቆስሎ ዞሮ የሚጠብቅ፣ ሞቶም የማይሸሽ።

ስልኩን እየገለጠ አሳየኝ በተራ፤
«ይህ ቀላል፣ ይህ ፈጣን፣ የዚህ ዋጋ ተራራ፣
ይሄ መነጽሩ ጨለማ የማይፈራ፣
ይሄ ጥይቱ አውራ ጣት፣ ነሐሱ የሚያበራ።»
ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ገበያ ነው ወሬው፣
በሬ እንደሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳይቆጥረው።

«ተነስ» አልኩት፤ «ቁም እስቲ፤ ኮትህንም አውልቀው።»
ከዘራዬን ሰጠሁት፤ «ይህን አነጣጥረው
ወደዚያች ባሕር ዛፍ፣ አሞራ ወዳለባት፤
አሁን ትከሻህን በመዳፌ ልምታት።»

መታሁት።
ዓይኑ ተጨፈነ፤
ከዘራው ወደ ሰማይ፣ አሞራው እዚያው ሆነ።

«አየህ፣ ጠመንጃ ለአውሬ አይመረጥም፤
ለትከሻ እንጂ። አውሬው ቁጥር አይጠይቅም።
ሳትጨፍን ከቻልከው፣ እዚያ ነው ትልቅነቱ፤
ከዚያ የሚበልጠው ለፎቶ ነው ድምቀቱ።
ጥይቱን ከጠየቅከኝ፣ ከባዱን ውሰደው፣
አጥንት ሲነካ የማይፈረካከሰው፤
ፍጥነት ለድኩላ ነው፣ ሜዳ ለሚሻገር፤
ለወፍራም ገላ ግን ክብደት ነው የሚናገር።
ዓይነቱ አንድ ይሁን፤ አትቀላቅልበት፤
እዚህ በለመድከው፣ እዚያ ተኩስበት።
ጓንት አጥልቀህ ሞክረው፤ ቃታውን ጣት ካጣው
የገዛኸው ብረት ነው፣ ብረት ከነጣጣው።»

ይህን ብዬ ዝም አልኩ። ያልነገርኩት አለ።

ዶሌቦ የሚባል ፈለግ አንባቢ ነበር፣
በታጠፈች ሣር ላይ ሰዓት የሚቆጥር።
እንግዳው የያዘው፣ ከራሱ የከበደ፣
ባለሁለት አፈሙዝ፣ በዝና የተወደደ፤
ሲተኩስ ጨፈነ። ልክ እንደዚህ ልጅ ነው።
ጎሹ ሆዱን ተመታ፤ ሸምበቆው ዋጠው።
የቆሰለ አይተውም፤ የኛ ሕግ ነውና
ዶሌቦ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ገባን በደም ፋና።
እንግዳው መኪና ውስጥ ውሃ ሲጠጣ ቀረ።
ከሸምበቆው የወጣው
አንድ ሰው ነበረ።

«ለመሆኑ» አልኩት፣ ሊሄድ ሲነሳ፣
«ድብ ምን ይበላል?»
«ዓሣ፣
እንጆሪ፣ ማር። ክረምቱን ግን ይተኛል፤
ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ልቡ ብቻ ይመታል።»

ማር?
እኔም ማር እወዳለሁ። እኔም ክረምት ሲገባ
ጉልበቴን ታቅፌ ነው መስከረም እስኪጠባ።

ትልቁን ይገዛል፤ ዓይኑ ላይ አይቻለሁ።
ነገ ግን ደውዬ፣ ና ብዬ እጠራዋለሁ፤
የዶሌቦን ነገር ያኔ እነግረዋለሁ።
ዘንድሮም እንዲሁ፣ አምናም እንዲሁ እላለሁ።

መኪናው ጉሙ ውስጥ መብራቱን አጠፋ።
ከዘራዬን አነሳሁ፤ ጣቱ ያረፈበት ገና ሙቀቱ አልጠፋ።
ጫፉ ላይ ያለችው፣ እንደ ጫማ ያጠለቅኳት፣
የዚያን ቀን ቀለህ ናት፤ ከሣር ውስጥ ያነሳኋት።
ድንጋዩን እያንኳኳች፣ እስከ አጥሩ ድረስ፣
ቆርቆሮውን ዘጋሁ፤
ጅብ ከማዶ ጮኸ፣ ማንም ሳይተኩስ።